የባንቺና የታደለ ልብ

ባለፈው ማክሰኞ የደም ግፊት ኪኒኔ አልቆብኝ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት ብቅ አልሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ባጃጆቹ ጭቃ ውሃ እየረጩ ይመላለሳሉ። ባለ መድኃኒቷ ልጅ ገና ከደጅ ስታየኝ ፊቷ በራ። «እትዬ የሻረግ፣ እንኳን መጡ! ያ ሲፈልጉት የከረሙት ኪኒን ገባ እኮ። እንዳያልቅብዎ ብዬ ደብቄልዎታለሁ» አለችና ከመደርደሪያው ሥር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችልኝ። ፕሮፕራኖሎል ነው። ትንንሽ፣ ክብ፣ ርካሽ ኪኒን። ልጅቷ መንገዱ ከተዘጋ ትንሽ ቆይታ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ እዚያው ስለ ከረመች ወሬውን አልሰማችም። «ለወንድምዎ ነበር አይደል?» አለችኝ። «አዎ፣ ለወንድሜ ነበር» አልኋት። ኪኒኑን ገዝቼ ወጣሁ፤ ለማን እንደ ገዛሁት ግን እኔም አላውቅ። ወደ ቤት ሳዘግም ሐሳቤ ቁልቁል ይዞኝ ሄደ፤ ወንድሜ ታደለና እህቴ ባንቺ በሕይወት ወደ ነበሩበት ዘመን።

ዛሬ ከተማውን እንጅባራ የሚለው ይበዛል። የእኔ ዕድሜ ሰው ግን አሁንም ቆሰበር ነው የሚለው። በልጅነቴ ቆሰበር አንድ የጠጠር መንገድና በግራ በቀኙ የተኮለኮሉ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች ነበረች። ክረምት ሲገባ ጉሙ መንገዱን ስለሚውጠው ሰው የሚተዋወቀው በሳሉና በኮቴው ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ቤት ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሴቶቹ የአቡጀዲ ቀሚስ በሰፊ መቀነት ሸብ አድርገው፣ ወንዶቹ ካኪ ቁምጣ ላይ ጥቁር ባና ደርበው ይሄዳሉ። ጫማ ያለው በረባሶ ያደርጋል፤ የነጋዴ ልጅ ከሆነ ደግሞ ኮንጎ። ከሻይ ቤቱ ጣሪያ ሥር አንዲት ሬዲዮ ተሰቅላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘፈን ስታሰማ እኛ ሴቶች ልጆች እንስራችንን እንዳዘልን ደጁ ላይ እንቆማለን፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም። እቤት ስደርስ እናቴ «ውሃው ወንዝ ውስጥ አልቆ ነበር?» ትለኛለች። እናቴ ደጊቱ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ለቤት ለቁጣና ለፍቅር አገውኛ ነበር የምታወራን። አባቴን ሰው አያ ፈንታ ይለዋል። ጋሪ ነጂ ነበር፤ በገበያ ቀን ከቆሰበር ጥሊሊ ድንችና ገብስ ያመላልሳል። ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ለጥር የፈረሰኞች በዓል ቀይ መርገፍ አስሮለት ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ያየው ነበር።

ሦስት ልጆች ነበርን። እኔ ታላቋ፣ ባንቺ መካከለኛዋ፣ ታደለ የመጨረሻው። ባንቺና ታደለ ከተወለዱ ጀምሮ አይሰሙም። መስማት የተሳነው ልጅ የሚማርበት ቦታ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ስላልነበረ የራሳችንን የእጅ ቋንቋ ፈጠርን። እናታችንን ስንጠራ ጉንጫችንን መታ መታ እናደርጋለን፤ አባታችንን ስንጠራ ልጓም እንደ ያዘ ሰው እጃችንን ወደ ኋላ እንስባለን። እኔ ፀጉሬ ረጅም ስለ ነበር ስሜ ሹሩባ መጎንጎን ነበር። ባንቺ የፊት ጥርሷ ወጣ ያለ ነውና ጥርሷን በጣት ነካ ስናደርግ እሷ ናት። በአፏ የማትናገር ልጅ ትሁን እንጂ ከባንቺ በላይ ወሬኛ አላየሁም። ጎረቤት ሁሉ እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚያስነጥስ እያስመሰለች አባቴን ዕንባው እስኪወርድ ታስቀው ነበር።

ችግሩ ይወድቁ ነበር። ሮጠው፣ ደንግጠው ወይም ተናደው አንዳች ነገር ሲሆኑ ድንገት እንደ ተቆረጠ ዛፍ ይዘረራሉ። ከንፈራቸው ይጠቁራል፣ ዓይናቸው ይገለበጣል፣ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፋል፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣሉ። ሰው «የሚጥል በሽታ ነው» ይል ነበር። ክብሪት ጭረን አፍንጫቸው ሥር እንይዝላቸዋለን፤ ሲነቁ የነቁት በክብሪቱ ይመስለናል። ባንቺ ከታደለ ይብስባት ነበር። አንድ ጊዜ ዶሮ ከእግሯ ሥር ብር ብላ ስትነሣ ወደቀች፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ። በወንዙ ከወደቀች በኋላ «የውሃ ጋኔን ነው የያዛት» ተባለ። እናቴም ጸበል ልትወስዳት ወሰነች።

ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ወዳለ አንድ ምንጭ በአባቴ ጋሪ ሄድን። የበጋ ማለዳ ነበር፤ በሣሩ ላይ አመዳይ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ባንቺ ለጉዞው አዲስ ቀሚስ ስለ ተሰፋላት መንገዱን ሙሉ ጫፉን እየዳበሰች ስትስቅ ነበር። ወዴት እንደምንሄድ ግን በእጃችን ቋንቋ ልንነግራት አልቻልንም፤ ለጸበል የሚሆን ምልክት አልነበረንም። እዚያ ስንደርስ ቀሚሷን አወለቁላት። ብርዱንና የማታውቀውን ሕዝብ ስታይ ወደ እናቴ ዞራ ጉንጯን መታ መታ አደረገች። እናቴ «አይዞሽ» እያለች ራሷን ነቀነቀችላት። ያን ጊዜ በትልቅ ቅል ያ የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ ውሃ ከኋላዋ ተደፋባት። ባንቺ ዘለለች። አንድ የደስታ ጩኸት የሚመስል ድምፅ፣ እሷ ራሷ የማትሰማውን ድምፅ አወጣችና ተዘረረች።

ሕዝቡ እልል አለ። «እየለቀቃት ነው! እየወጣላት ነው!» ይሉ ነበር። እናቴ ክብሪቱን ልታወጣ እጇን ወደ ብብቷ ስትሰድ ጎኗ የቆመችው ሴት «ተያት፣ ይውጣላት» ብላ ያዘቻት። ሁላችንም ደስ ብሎን ቆመን ስናይ፣ የእህቴ መንፈራገጥ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። እልልታው ከእሷ ትንፋሽ በኋላም ትንሽ ቆይቷል። እናቴ ናት መጀመሪያ የገባት። በጋሪው ስንመለስ ባንቺን አዲሱን ቀሚስ አልብሳ ታቅፋት ነበር፤ አባቴ ፈረሱን አንዴም ሳይመታው፣ አንዴም ዞሮ ሳያይ ቤት ገባን።

ኀዘኑ እንዲህ ሆኖ ቢቀር አንድ ነገር ነበር። ግን ሰው ለማንኛውም ነገር ምክንያት ይሻል። ሁለት ልጆች ዲዳ፣ ሁለቱም የሚወድቁ፣ አንዷ ደግሞ በጸበል ፊት የሞተች። «ከቤት ነው፤ የገዛ እናቷ ናት የበላቻት» የሚል ወሬ ተነሣ። እናቴ ቡዳ ተባለች። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራትም። ብቻ እርሾ የሚያውሳት ጠፋ። በመንገድ ስታልፍ ሴቶች የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ገበያ ላይ ቅቤዋን የሚቀምስላት የለም፤ ስለዚህ ማንም ወደማያውቃት ወደ ዳንግላ ገበያ መሄድ ጀመረች። አባቴ ተቆጥቶ ዱላውን ይዞ ሊወጣ ሲል «ማንን ትመታለህ? ሁሉንም?» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ሳቅ በቤታችን የታደለ ብቻ ሆነ፤ እሱ ስለ ወሬው ምንም አልሰማማ።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዳንግላ ገባሁ። ከሌሎች ሴት ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይተን ቆሎና ድርቆሽ ከቤት እየተላከልን እንማራለን። ያን ጊዜ የተማሪው ፋሽን አፍሮ ፀጉርና ከታች የሰፋ ሱሪ ነበር፤ ለአንድ የሱሪ ጨርቅ ብለው ግማሽ ዓመት ምሳ የሚዘሉ ወንዶች አውቃለሁ። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህራችን የሞተች እንቁራሪት እግር ይዞ ክፍል ገባ። በሁለት ሽቦ የባትሪ ድንጋይ ሲያስነካው እግሩ ተፈናጠረ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ሳቁ። ለእኔ ግን ባንቺ መሬት ላይ ስትፈራገጥ ያየሁት መንፈራገጥ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ መምህሩን ተከትዬ «የሞተ ነገር እንዴት ይንቀሳቀሳል?» አልሁት። «ነርቭ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ልብም እንደዚያው» አለኝ። «ኤሌክትሪኩስ ከየት ይመጣል?» ስለው «ከጨው» አለ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

አልቀለደም። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ያችን መልስ መከተል ነው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ስንቱ እኩያዬ የቀረበትን እኔ በዕድል አለፍሁት። በመጨረሻም ዝናብ የማይለያት አንዲት የውጭ አገር ከተማ ደርሼ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀመጥሁ። ሥራዬ አዮን ቻናል የሚባሉትን ማጥናት ነበር። እያንዳንዱ የነርቭና የልብ ሴል በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ በሽፋኑ ላይ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ደቃቅ በሮች አሉ። አንዱ በር የገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያስገባል፤ ሌላው አመድ ውስጥ የሚገኘውን ፖታሲየም ያስወጣል። ሲከፈቱና ሲዘጉ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ጣት የሚንቀሳቀሰው፣ ልብ የሚመታው በዚህ ነው። መጀመሪያ ለዓመታት የነርቭ በሮችን አጠናሁ። ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት መርፌ እያቀለጥሁ፣ ትንፋሼን ይዤ አንዲት ሴል ላይ እያሳረፍሁ፣ በሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የምትዘለውን መስመር እያየሁ ወጣትነቴ አለፈ። ከእኔ ጋር ይሠሩ የነበሩት ለምን እዚህ ሥራ እንደ ገባሁ ሲጠይቁኝ «እንቁራሪት አይቼ» እላቸው ነበር። ይስቃሉ።

በኋላ ቤተ ሙከራችን ወደ ልብ ዞረ። አንድ ቀን ኃላፊያችን ከሌላ አገር ሐኪም የተላከ ናሙና አመጣና «ይህ በር ልክ አይደለም ተብሏል፤ ሞክሪው» አለኝ። በሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘውን የዘር መመሪያ እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ እንከታለን፤ እንቁላሉ በሩን ራሱ ይሠራዋል። ጤነኛው በር ሲከፈት መስመሩ እንደ ዳገት ቀስ እያለ ይወጣል። የዚህኛው መስመር ተኝቶ ቀረ። ደጋገምሁት፤ ያው ነው። በሩ አይከፈትም። «የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የአንዲት ሕፃን። መስማት የተሳናት ናት። ስትሮጥ ወይም ስትደነግጥ ትወድቅ ነበር፤ በመጨረሻ መዋኛ ውስጥ ሞተች» አለኝ። ይህን ሲል ቡና ቢጤ እየጠጣ፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ ነበር። እኔ መርፌውን አስቀመጥሁ። «ለምንድነው የማትሰማው?» አልሁት። «ያው በር ጆሮ ውስጥም ስላለ ነዋ። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የወረሰ ልጅ አይሰማም፤ ልቡም ከምት ወደ ምት ለመመለስ ይዘገያል። ሲደነግጥ ልብ ይፈጥናል፤ ያ በር ካልተከፈተ ምቱ ይደናበርና ይቆማል» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየኝ «ምነው?» አለ። «ወንድሜ በሕይወት አለ» አልሁት።

በዚያ ዘመን ቆሰበር መደወል እንደ ዛሬው አይደለም። ቴሌ ተደውሎ ቀጠሮ ይያዛል፤ አባቴ ከጋሪው ወርዶ ሲጠብቅ ይውላል። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ደረሰኝ። «አባ፣ ታደለ ፈረስ እንዳይጋልብ። ውሃ እንዳይገባ። እንዳይሮጥ» አልሁት። ታደለ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነው፤ የአባቴን ፈረሶች የሚገራው፣ በጥር በዓል ከፊት ከሚጋልቡት አንዱ እሱ ነበር። «ልጄ» አለ አባቴ፣ «ጆሮውን አምላክ ነሣው። ፈረሱን እኔ ከነሣሁትማ ምን ይቀርለታል?» «ሕይወቱ አባ» አልሁት። «መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ፤ እስክመጣ ብቻ።»

ሄድሁ። ታደለን ባሕር ዳር ወስጄ የልቡን ምት በማሽን አስነሣሁለት። ወረቀቱን ሳየው መጠየቅም አላስፈለገኝ፤ ከምት እስከ ምት ያለው መመለሻ የተጎተተ፣ የዘገየ ነው። ፕሮፕራኖሎል ልብን ከድንጋጤ የሚከላከል አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ማንም አገር ይገኛል። ለታደለ በእጃችን ቋንቋ ለማስረዳት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ባንቺን ለማለት ጥርሴን ነካሁ፤ ወደቀች፣ ሞተች አልሁት። ከዚያ ደረቴን፣ ከዚያ የእሱን ደረት። ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳይነቅል ተከታተለኝ። ኪኒኑን ሲያይ ልጓም ያዝ የሚል ምልክት አሳየኝ፤ ፈረስ ሲያብድ ቀስ አድርገው እንደሚይዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኪኒኑ ስም ያ ሆነ።

እናቴን ማስረዳቱ ነበር የጨነቀኝ። ምድጃው ፊት አመድ እየጠረገች ነበር። አገውኛዬ ዝጎ ነበር፤ ለሴል ቃል የለኝም፣ ለቻናል ቃል የለኝም። በር ነው አልኋት። ልብ ላይ ትንሽ በር አለ፤ ይሄ አመድ ውስጥ ያለው ጨው የሚወጣበት። ባንቺና ታደለ ሲፈጠሩ ያ በር አይከፈትም ነበር፤ ጆሯቸው የተዘጋውም በዚያው ነው። «ከየት መጣ?» አለችኝ። ያን ጥያቄ ስፈራው ነበር። «ግማሹ ከአባ ነው። ግማሹ ካንቺ» አልኋት። «ማናችሁም አታውቁም፤ ለራሳችሁ አንድ ጤነኛ በር ስላላችሁ አያማችሁም። እኔም ግማሹን ይዤ ይሆናል።» መጥረጊያዋን አስቀመጠች። እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ ብላ «እና እኔ አልበላኋትም?» አለችኝ።

ሰው የሚላትን እሷም አምናው እንደ ነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ያን ሁሉ ዓመት ልጇን እንደ በላች እያመነች ታደለን አብልታ፣ አጥባ፣ አሳድጋለች። በልጅነቱ ሲተኛ እንዳትበላው ብላ ዓይኗን ከላዩ ታዞር የነበረው ለዚህ ነው። «አልበላሻትም እማ» አልኋት። «በውሃው ነው የሞተችው?» አለች። «በድንጋጤው» አልኋት። አመዱን ሰብስባ ሄዳ ጓሮ ደፋችው።

ታደለ በኪኒኑ ብዙ ዘመን ኖረ። ፈረስ መጋለቡን ትቶ ቀርከሃ ሠራተኛ ሆነ፤ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ወንበርና አልጋ ይሠራል፤ መኪና አቁሞ የማይገዛው አልነበረም። እናኑ የምትባል ደግ ሴት አገባ፤ የእጁን ቋንቋ ከእኔ በተሻለ ተማረችው። የሚሰሙ ልጆች ወለዱ። አባቴ ያን አይቶ ሞተ። ኪኒኑ ዳንግላ ከሐጅ ኑሩ መድኃኒት ቤት ይገዛ ነበር። ሐጅ ኑሩ ከልጅነቱ ጀምሮ እናቴ ቅቤ ስትሸጥለት የሚያውቃት ነጋዴ ነው፤ ለታደለ ሲሆን ሌላው ቢያጣ እንኳ አያሳጣም። እኔም ጡረታዬን ይዤ ወደ ቆሰበር ተመለስሁ። ከእናቴና ከታደለ ጋር እስክሞት ልኖር ነበር ሐሳቤ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ስለ ማንና ስለ ምን እንደ ሆነ እዚህ አላወራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። መኪና ቀረ፣ ኔትዎርክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። መድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያቸው ባዶ ሆነ። ያን ኪኒን በድንገት ማቆም ከመጀመሪያው አለመጀመር የከፋ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ከተማ አልነበረም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ልቀንስለት ብዬ ኪኒኑን ለሁለት፣ ኋላም ለአራት እየቆረስሁ ሰጠሁት። ተኩሱ ጋብ ባለ ሰሞን ጋሪ በተገኘበት በጋሪ፣ ባልተገኘበት በእግሬ ዳንግላ ደረስሁ። የሐጅ ኑሩ ሱቅ ተዘግቷል። ቤቱን አንኳኩቼ ሲያየኝ ምንም ሳልናገር ገባው። ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ፍሬ የጎደለበት የኪኒን ጥቅል አመጣልኝ። «የኔ ነው፤ ለእጄ መንቀጥቀጥ የምወስደው» አለኝ። «እርስዎስ ሐጅ?» ስለው «እጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ይሆናል? ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ» አለኝ። እሱም እስኪያልቅ ቆይተን አበቃ። ታደለ ባዶውን ጥቅል ገልብጦ ካየው በኋላ ልጓሙን የለቀቀ ሰው ምልክት አሳየኝና ፈገግ አለ። ከቤት አትውጣ አልሁት። እሺ አለ።

ለጥቂት ቀናት አልወጣም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ጸጥ ስላለ፣ ያለቀለት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ብሎ ወደ ቀርከሃው ክምር ወጣ፤ ከቤቱ ደጅ ነው። ተኩስ ተነሣ። እሱ አይሰማም። ያየው የሚሮጥ ሰው ነው፤ ከሚሮጡት ውስጥ ወፍጮ ቤት ተልካ የነበረችው ትልቋ ልጁ አለች። ዱቄቱን ጥላ ወደ እሱ ትሮጣለች። ታደለ ተነሥቶ ወደ እሷ ሮጠ። ልጅቷ «እኔ ጋ ሳይደርስ ወደቀ» ነው የምትለው እስከ ዛሬ። እኔ ስደርስ እናኑ ሸሚዙን ቀድዳ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ራሱን ትፈልጋለች፤ «የቱ ጋ ነው የመታው? የቱ ጋ ነው?» ትላለች። ደም የለም። ቁስል የለም። ተንበርክኬ ደረቱን እየተጫንሁ ቆጠርሁ፤ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። እጄ ሥር የሚሆነውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የትኛው በር እንዳልተከፈተ፣ የትኛው መስመር እንደ ተንሻፈፈ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። የሚያስፈልገው አንድ የኤሌክትሪክ ማሽን ነበር። በዚያ ቀን በከተማው መብራትም አልነበረም።

ቀብሩ በጥድፊያ ሆነ። ለቅሶ የደረሱት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ለቅሶ ነበር። አልቃሿ ሴት የመጣችው በጥይት ከሞተ ሰው ቤት በቀጥታ ነበርና ታደለንም እንደዚያው አለቀሰችለት፤ ጀግና አለችው፣ ጥይት የጣለው አለችው፤ ሰዉም ደረቱን እየመታ ተቀበላት። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ «ኧረ ቁስል የለውም ነው የሚባለው» ትላለች አንዷ። «እህቱም እንዲሁ ነበረች አሉ» ትላለች ሌላዋ። የሁለቱም ዓይን ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ ዓይኗ ፈዟል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ሰምታለች።

እጇን ዘረጋችልኝ። ደግፌ አቆምኋት።

«ልጄን ጥይት አልመታውም» አለች በዚያ በገበያ አማርኛዋ። «የበላውም የለም። የልቡ በር አይከፈትም ነበር። ከእኔም ከአባቱም ነው የወረደበት፤ ይኼው ልጄ ተምራ ነግራኛለች። ኪኒን ነበረው። በኪኒኑ ይኸን ሁሉ ዘመን ኖሮልኛል። መንገድ ተዘጋ፤ ኪኒኑ ጠፋ፤ ሞተ።» የአልቃሿ ድምፅ ወደ ነበረበት አቅጣጫ ዞረች። «አንቺ፣ ልጄን በሌላ ሰው ሞት አታልቅሽው። ስለ ኪኒኑ አልቅሽለት።»

አልቃሿ አፏን ከፈተች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለጦር የሚሆን፣ ለእርሻ የሚሆን፣ ለፈረስ የሚሆን ግጥም ሞልቷት ነበር፤ ለዚህ ግን ቃል አልመጣላትም። እናቴ ትንሽ ጠበቀቻትና፣ እንደማይሆን ሲገባት፣ እጄን አጥብቃ ይዛ በአገውኛ ሙሾውን ራሷ ጀመረችው።